ብሩ ሞላ፤ ከዚያስ?

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አደባባይ ጥግ ላይ አንድ መኪና ቆሟል። ሞንታርቦው ይጮኻል፤ "ይህች ሕፃን እንድትሰማ እርዷት!" ልጅቷ ከሥሩ ቁጭ ብላ ብስኩቷን ትበላለች፤ ዞር ብላም አላየችው። በእንዲህ ያለ ሥራ ዓመታት አግዣለሁ። ስህተቶቹ አይለወጡም።

የሚያበሳጨኝ የቀዶ ጥገናውን ዋጋ ብቻ ቆጥሮ መነሳት ነው። ኮክሌር ኢምፕላንት ድምፅን ወደ መስማት ነርቭ የሚያደርስ፣ በቀዶ ጥገና የሚገጠም መሣሪያ ነው። አንዱ ክፍሉ ቆዳ ሥር ይቀበራል። ሌላው፣ ድምፅ የሚቀበለው ፕሮሰሰር፣ ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል። እሱ ከሌለ የተቀበረው ዋጋ የለውም። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ሽቦው ይበጠሳል። ልጅ ልጅ ነው፤ ይጥለዋል። መሣሪያው በኮምፒውተር ደጋግሞ መስተካከል አለበት፤ የንግግር ሕክምናው ዓመታት ይፈጃል። ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት እስከዚያ የት ትደር? አንድ የማውቀው ልጅ ስንት ደጅ ተጠንቶ ታከመ። ዓመት ሳይሞላው ሽቦው ተበጠሰ። ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ መሣሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። ለጋሾቹ ጋ ስንደውል "እሱ እኮ አልቋል" አሉን። ምኑ ነው ያለቀው? ስትሰበስቡ የባትሪውን፣ የመለዋወጫውንና የትራንስፖርቱን አብራችሁ ጻፉ።

ሳይመረመር መለመንም አለ። የመስማት ነርቭ የሌለው ልጅ በኢምፕላንት አይሰማም፤ ነርቩን የሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ቀድሞ ይነሳ። ድምፅ የሚያጎላው ተራ የመስሚያ መሣሪያ የሚበቃውም ልጅ አለ።

"ትንሽ ይደግ" የሚል ዘመድ አትስሙ። ሳይሰማ ለተወለደ ልጅ ከ3 ዓመቱ በፊት ቢደረግለት ይመረጣል። መስማት ያሳጣው ማጅራት ገትር ከሆነማ ሩጡ! ቀንድ አውጣ የሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል በወራት ውስጥ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ እዚያ የሚገባው የኢምፕላንቱ ሽቦ መግቢያ ያጣል።

የእኔን ጥፋት ልናገር። ለአንዲት እናት "መሣሪያው ሲበራ ስትጠሪው ይዞራል" ብያት ነበር። ከቀዶ ጥገናው ሳምንታት በኋላ በራ። ልጁ ደንግጦ አለቀሰ፤ ነቅሎ ወረወረው። እሷ እኔን አየችኝ። ድምፅ መስማትና ቃል መለየት ለየቅል መሆኑን ቀድሜ መንገር ነበረብኝ።

ወረፋ የሚጠብቅን ልጅ የምልክት ቋንቋ አትከልክሉት፤ እስከዚያ በምን ያውራ? ካሜራ ፊትም አታስለቅሱት።

መኪናው ላይ በተጻፈው ስልክ ደወልኩ። ስለ ባትሪው አስባችኋል ወይ ስል ጠየቅኩ።

"የምን ባትሪ?" አለኝ።