ብሮውዘራችሁ ካበደ መጀመሪያ ኤክስቴንሽኑን ጠርጥሩ

ባለፈው አክስቴ ላፕቶፗን በፌስታል ይዛ መጣች። "ጎግል ላይ ስጽፍ ሌላ ቤት ይወስደኛል" አለችኝ። እውነቷን ነው። "የጤፍ ዋጋ" ብላ ስትፈልግ ገጹ አንዴ ብልጭ ይልና ስሙን ሰምቼ ወደማላውቀው መፈለጊያ ይዘላል። አንቲቫይረስ አስጭናለች፤ ምንም አላገኘም። ጥፋተኛው ክሮሙ ላይ የተለጠፈ ፒዲኤፍ ቀያሪ ኤክስቴንሽን ነበር። ኤክስቴንሽን ማለት ብሮውዘር ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ፍለጋው አቅጣጫ ሲቀይርና ማስታወቂያ ሲበዛ

ኤክስቴንሽን ስትጭኑ ፈቃድ ይጠይቃችኋል። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ደግሞ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን ዳታችሁን ማንበብና መቀየር ነው። እሺ ካላችሁ የባንክ ገጻችሁንም፣ ኢሜላችሁንም ማየት ይችላል ማለት ነው። ለፒዲኤፍ መቀየሪያ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክታችሁ "ኤክስቴንሽንስ" ውስጥ ግቡ። ሁሉንም ኦፍ አድርጉ። ችግሩ ከጠፋ አንድ በአንድ እያበራችሁ ሞክሩ፤ ችግሩን መልሶ ያመጣውን ሪሙቭ በሉት። ፋየርፎክስ የምትጠቀሙ "ሄልፕ" ሥር ትራብልሹት ሞድ አለላችሁ፣ ሁሉንም ባንዴ ያጠፋል። ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ መፈለጊያውንና መነሻ ገጹን መልሱ። ማስታወቂያው የሚመጣው በስክሪኑ ጥግ ብቻ ከሆነ ግን ኤክስቴንሽን ላይሆን ይችላል፤ የሆነ ቀን "አላው" ያላችሁት የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ነው፣ ከሳይት ሴቲንግ ላይ ሰርዙት።

ስታስወጡት ተመልሶ ሲመጣ

የአክስቴ እንዲህ ነበር። ሪሙቭ የሚለው ቁልፍ ራሱ አይነካም። የክሮሙን ሜኑ እስከ ታች ሳወርደው "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" ይላል። የምን ኦርጋናይዜሽን? አክስቴ እንጀራ ነው የምታከፋፍለው! የቢሮ ላፕቶፕ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ጤነኛ ነው። የግል ከሆነ ግን ከኢንተርኔት የወረደ አንድ ነፃ ፕሮግራም ዊንዶውስ ውስጥ ፖሊሲ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑን በግድ የሚያስጭን ትእዛዝ፣ ጽፎ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አንኢንስቶል አድርጉ። ከዚያ ሬጂስትሪ ኤዲተር (የዊንዶውስን የውስጥ ሴቲንግ መዝገብ የሚከፍተው) ውስጥ፣ የመዝገቡን ኮፒ ካስቀመጣችሁ በኋላ፣ ፖሊሲስ ሥር ጎግል፣ ከሥሩም ክሮም የሚለውን ፈልጋችሁ ያንን አስገዳጅ ዝርዝር አጥፉ። ሬጂስትሪ የሚያስፈራችሁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ማፈር የለም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ በዚያው አካውንት ገብታችሁ ከሆነም ሲንክ (ኮምፒውተሮቻችሁን የሚያመሳስለው) ሊመልሰው ይችላል፣ እዚያም አጽዱ።

የታመነው ኤክስቴንሽን ድንገት ሲከዳ

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እናንተ ምንም ሳታጠፉ ነው የሚመጣው። ኤክስቴንሽን ራሱን በራሱ ያድሳል፤ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ሌላ ሆኖ ያድራል። ግሬት ሰስፔንደር የሚባለውን፣ የማንጠቀምበትን ታብ የሚያስተኛ ኤክስቴንሽን፣ ብዙ ታብ የምንከፍት ሰዎች እንወደው ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ባለቤቱ ሸጠው፤ በየካቲት 2021 ጎግል ማልዌር አለበት ብሎ አጠፋው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ፣ ልክ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ሳይበርሄቨን የሚባለው ኩባንያ ኤክስቴንሽን ተጠለፈ። ሥራው ዳታ መጠበቅ ነበር እኮ! አንድ ሠራተኛ ከክሮም ስቶር የመጣ የሚመስል ኢሜል ደረሰው፣ ነካ፣ ፈቃድ ሰጠ፤ ሌቦቹ በዚያ በኩል የራሳቸውን ቨርዥን ለተጠቃሚው ሁሉ ለቀቁ። ከሚሰርቀው መሀል ኩኪ አለበት።

ኩኪ ማለት በር ላይ ተፈትሻችሁ ከገባችሁ በኋላ የምታንጠለጥሉት ባጅ ነው። ባጁን የያዘ ሰው ፓስወርድም፣ በስልክ የሚመጣ ኮድም አይጠየቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዳይምታታባችሁ፦ መጀመሪያ ኤክስቴንሽኑን አስወጡ፣ ከዚያ ኢሜልና ፌስቡካችሁ ላይ ከሁሉም መሣሪያ ሎግ አውት አድርጉ፣ በመጨረሻ ፓስወርድ ቀይሩ። ኤክስቴንሽኑ እያለ ብትቀይሩ አዲሱንም ሊያይባችሁ ይችላል። አካውንት ማስመለሻው ላይ የማታውቁት ስልክ ወይም ኢሜል እንዳልገባም እዩ።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘጋ የጫናችሁት ነፃ የቪፒኤን ኤክስቴንሽን እስካሁን አለ? አስወጡት።

"ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ" ሲላችሁ

ውሸት ነው። ፍላሽ የድሮ ቪዲዮና ጌም ማጫወቻ ነው፤ ባለቤቱ አዶቤ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ቀብሮታል። ታቡን ዝጉ፣ ምንም አታውርዱ።

የግድ የሚያስፈልጋችሁን ኤክስቴንሽን ደግሞ "ዲቴይልስ" ውስጥ ገብታችሁ፣ ሳይት አክሰሱን ስትነኩት ብቻ እንዲሠራ አድርጉት። አክስቴ ዘጠኝ ነበራት፣ አንድ ተውኩላት። "ፒዲኤፉንስ በምን ልሥራው?" አለችኝ። ፕሪንት ውስጥ ገብታ "ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ" እንድትል አሳየኋት። ለካ ክሮሙ ራሱ ነበረው።