«ለምን እዚያ?» ውጭ አገር ለማስተማርና ለመመራመር የሚያመለክቱ ምሁራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፉት ዓመታት የብዙ ባልደረቦቼን ማመልከቻ ከመላኩ በፊት አንብቤያለሁ። አንዱ ውጭ አገር ለአንድ ሴሚስተር ማስተማር ይፈልጋል። ሌላዋ ለአንድ ዓመት ምርምር መሄድ ትፈልጋለች። ሁለቱንም አጣምረው ለመሥራት የሚያመለክቱም አሉ። አብዛኞቹ በሙያቸው የተመሰገኑ ሰዎች ናቸው። ምርምሩ ደካማ ስለሆነ የወደቀ ሰው ብዙም አላየሁም። ብዙዎቹን የጣላቸው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ «ለምን እዚያ?» ወይ አልመለሱትም፣ ወይ ለመመለስ የተነሱት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመዘዙ ናቸው።

ማስታወቂያው እስኪወጣ መጠበቅ

ማስታወቂያ ወጥቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ፎርም ለመሙላት ይበቃ ይሆናል። አብሮ የሚሠራ ሰው ለማግኘት ግን አይበቃም። የአሜሪካ መንግሥት የምሁራን ልውውጥ ፕሮግራም የሆነውን ፉልብራይትን ውሰዱ። ከአሜሪካ ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ ምሁራን ማመልከቻው የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ ጉዞው ደግሞ በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ነው። አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ወደ አሜሪካ የሚመጡት ምሁራን የሚያመለክቱት በየአገራቸው ባለው የፉልብራይት ኮሚሽን ወይም በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ነው። ቀኑም እንደየአገሩ ይለያያል። ሌላ አገር ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ቀን ይዛችሁ ተዝናንታችሁ እንዳትቀመጡ። መሄድ ከምትፈልጉበት ቀን አሥራ ስምንት ወር ወደኋላ ቆጥራችሁ ብትጀምሩ ማንም አይቀድማችሁም።

ለማንም ሊላክ የሚችል ኢሜይል መላክ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ገና ማመልከቻውን ሳይከፍት፣ በመጀመሪያው ኢሜይል ነውና። ደጋግሜ የማየው ይህን ነው፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ በዘርፉ የአሥር ዓመት ልምድ ያለኝ መምህርና ተመራማሪ ነኝ። በታዋቂው ዩኒቨርሲቲዎ ምርምር ለማድረግ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ። እባክዎ የግብዣ ደብዳቤ ይላኩልኝ። ሲቪዬን አያይዣለሁ።»

የፕሮፌሰሩን ስም አውጡና የሌላ ሰው ስም አስገቡበት። ምንም አይጎድልበትም። ችግሩም ይኸው ነው። ተቀባዩ በሳምንት እንዲህ ዓይነት ብዙ ኢሜይል ይደርሰዋል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ሰው ይህንኑ ለአንድ ዲፓርትመንት መምህራን በሙሉ ይልከዋል። ሰዎቹ እኮ ቢሯቸው ጎን ለጎን ነው፤ ይነጋገራሉ።

አሁን ደግሞ ይህን እዩ፦

«የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ስለ ሐይቅ ደለል ባወጡት ጥናት ናሙናዎቹ የተወሰዱት ከጥልቁ ክፍል ብቻ መሆኑን አየሁ። እኔ ከሌላ ሐይቅ ዳርቻ በስድስት ዓመት ውስጥ የተሰበሰበ ናሙና አለኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢታዩ ብክለቱ ከዳርቻ ይጀምራል ወይስ ከመሐል የሚለውን መፈተን የሚቻል ይመስለኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ እናንተ ላብ ውስጥ አለ፤ እኔ ጋ የለም። ለአንድ ሴሚስተር መጥቼ አብረን ብንሠራው ፍላጎት ይኖርዎታል? ወጪዬን ለሚሸፍን ፌሎሺፕ ላመለክት አስቤያለሁ። የሚዘጋው ከሰባት ወር በኋላ ነው።»

ርዝመቱ ብዙም አይደለም። ግን ጥናቱ መነበቡ ይታያል። እናንተ ይዛችሁ የምትመጡት ነገር አለ፣ እዚያ ብቻ የሚገኝ ነገርም አለ። ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣና ጊዜው መቼ እንደሆነ ተነግሯል። ፕሮፌሰሩ «አዎ» ለማለት ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ለመጀመሪያ ቀን የግብዣ ደብዳቤ አትጠይቁ። ደብዳቤው ከሁለትና ከሦስት ጊዜ ምልልስ በኋላ በራሱ ይመጣል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሱ። አሁንም ዝም ካለ ወደ ሌላ ሰው እለፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አስተናጋጅ፣ ማለትም እዚያ ተቀብሎ አብሯችሁ የሚሠራ ምሁር፣ ማግኘት በየፕሮግራሙ ያለው ክብደት አንድ ዓይነት አይደለም። የጀርመኑ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን ለምርምር ፌሎሺፑ ጀርመን ካለ አስተናጋጅ ማረጋገጫ ይፈልጋል። የጃፓን የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር በሚሰጠው መደበኛው የፖስት ዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ለሚደረግ ምርምር የሚሰጥ) ፌሎሺፕ ደግሞ ጃፓን ያለው አስተናጋጅ ራሱ በተቋሙ በኩል ማመልከቻውን ያስገባላችኋል። እንዲህ ባለ ቦታ አስተናጋጅ የሌለው ሰው ማመልከቻም የለውም።

ባዶ የግብዣ ደብዳቤ መቀበል

«ዶክተር እገሌን በደስታ እንቀበላለን» የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ከምንም ይሻላል፣ ግን ትንሽ ነው። ጥሩ ደብዳቤ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩ፣ ከማን ጋር እንደምትሠሩ፣ ምን ኮርስ እንደምትሰጡ፣ ቢሮ ወይም ላብ ወይም ቤተ መጻሕፍት መግባት መቻላችሁን ይናገራል። አስተናጋጁ ሥራ የበዛበት ሰው ነውና እነዚህን ነጥቦች ጽፋችሁ ላኩለት፤ ደስ ይለዋል። ገምጋሚ ደብዳቤውንና ፕሮፖዛሉን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚያነበው። አንዱ ኦክቶበር፣ ሌላው ፌብሩዋሪ የሚል ከሆነ እንዳልተነጋገራችሁ ወዲያው ይገባዋል።

የዓመት ቆጠራውን አለማየት

ይህ ልብ የሚሰብር ስህተት ነው። ሰው ለወራት ደክሞ ጽፎ፣ ገና ሳይነበብ ይወድቃል።

የሁምቦልት ፌሎሺፕ ለፖስት ዶክ የሚሰጠው ዶክትሬቱን ካገኘ ከአራት ዓመት ላልበለጠው ሰው ነው። ልምድ ላላቸው ተመራማሪዎች እስከ 12 ዓመት ድረስ ይዘልቃል። በጃፓኑ መደበኛ ፌሎሺፕ ጣሪያው ስድስት ዓመት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ፖስት ዶክ ፌሎሺፕ ደግሞ የቦታ ሕግ አለው፦ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በአስተናጋጁ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም ዋና ሥራውን የሠራ ሰው ለዚያ አገር ማመልከት አይችልም። እዚያው አገር እየሠራችሁ «ትንሽ ልቆይና አመለክታለሁ» ያላችሁ ሰዎች፣ የምትጠብቁት ጊዜ ራሱ በሩን እየዘጋባችሁ ሊሆን ይችላል። በልጅ ማሳደግ ያለፈውን ጊዜ ከሒሳቡ የሚቀንሱ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ አለፈኝ ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ።

አሜሪካም የራሷ ቆጠራ አላት። ለልውውጥ ፕሮግራም በሚሰጠው በጄ-1 ቪዛ በተመራማሪነት ወይም በፕሮፌሰርነት የገባ ሰው ፕሮግራሙን ከጨረሰ በኋላ በዚያው ዘርፍ እንደገና ለመግባት 24 ወር መጠበቅ አለበት። ለአንድ አጭር ጉብኝት በየትኛው የቪዛ ዘርፍ እንደምትሄዱ ካልተጠነቀቃችሁ፣ ጉብኝቱ በኋላ የሚመጣውን ትልቁን ዕድል ይዘጋባችኋል። ለአጭር ጊዜ የሚሄዱ ምሁራን የራሳቸው ዘርፍ አላቸውና ከአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ቢሮ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንዱን ፕሮፖዛል ለሁሉም መላክ

ፕሮግራሞቹ ስማቸው ተቀራራቢ ይመስላል፤ የሚፈልጉት ግን የተለያየ ነው። ፉልብራይት በ1946 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት የአርካንሶው ሴናተር ጄ. ዊሊያም ፉልብራይት ናቸው። መጀመሪያ ገንዘቡ የመጣው በየአገሩ ተርፎ የቀረ የጦርነት ንብረት ተሸጦ ነው። ዓላማው በሕዝቦች መካከል መግባባትን መፍጠር ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ የፉልብራይት ገምጋሚ ከምርምሩ ጥራት ጋር ሌላም ነገር ይፈልጋል፦ ይህ ሰው እዚያ ካሉ ተማሪዎችና ባልደረቦች ጋር ምን ይሠራል? ሲመለስስ ምን ይቀጥላል? «ሙያዬን አሳድግበታለሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ፕሮፖዛል እዚህ አይበረታም።

ሁምቦልት ሌላ ነው። የአገርም ሆነ የሙያ ዘርፍ ኮታ የለውም። የሚያየው የሰውየውን ብቃትና ያሳተመውን ሥራ ነው። በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ደግሞ ነጥቡ አስቀድሞ ተከፋፍሎ ተቀምጧል፦ ለሳይንሳዊ ልቀት 50 በመቶ፣ ለሚያመጣው ውጤት 30 በመቶ፣ ለአፈጻጸም ዕቅድ 20 በመቶ። ይህን እያወቀ አሥሩንም ገጽ ስለ ሜቶዶሎጂ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ነጥብ በገዛ እጁ እየተወ ነው።

የቋንቋው ነገርም አለ። ገምጋሚው የእናንተን ጠባብ ዘርፍ ላያውቅ ይችላል። የታሪክ ምሁር የቋንቋ ጥናት ፕሮፖዛል ሊደርሰው ይችላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ በሌላ ዲፓርትመንት ላለ ጓደኛችሁ አስነብቡና ምን እንደገባው በቃሉ ይንገራችሁ። ካልቻለ እንደገና ጻፉት።

ማስተማሩን እንደ ትርፍ ነገር ማየት

የማስተማር ግራንት ላይ አመልክተው ስለ ማስተማሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚጽፉ አሉ፦ «በሙያዬ ኮርሶችን እሰጣለሁ።» የትኛውን ኮርስ? ለስንተኛ ዓመት ተማሪ? በምን ቋንቋ? አስተናጋጁ ዲፓርትመንት ይህ ኮርስ ይጎድለዋል ወይስ ሦስት መምህር እየሰጠው ነው? የካሪኩለሙን ዝርዝር ከድረ ገጻቸው አውርዳችሁ ክፍተቱን ፈልጉ። ክፍተቱን ካገኛችሁ «ለምን እዚያ?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ።

የትምህርት ዘመኑም ያስታል። ጃፓን ትምህርት የሚጀመረው በኤፕሪል ነው። ደቡባዊ የምድር ክፍል ባሉ ብዙ አገሮች ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱ ሴሚስተር ኦክቶበር 1 ቢገባም ክፍል የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በወሩ አጋማሽ ነው። አንድ ባልደረባዬ «ሴፕቴምበር ላይ ጀርመን ማስተማር እጀምራለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ደግነቱ ሳይላክ ደረስንበት። በዚያ ወር ክፍሉ ባዶ ነበር።

በአራት ወር የአራት ዓመት ሥራ

እስቲ አብረን እንቁጠር። አራት ወር ማለት 17 ሳምንት ገደማ ነው። ቤት፣ ባንክ፣ መታወቂያና የመግቢያ ካርድ ሁለት ሳምንት ይበላሉ። ምርምሩ ሰዎችን የሚጠይቅ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ካልተጀመረ ወራት ሊወስድ ይችላል። በዓልና የፈተና ጊዜ አለ። የቀረው ቢበዛ 12 ሳምንት ነው። አንድ ጥሩ ጽሑፍና አንድ ሴሚናር ብትሉ ገምጋሚው ያምናችኋል። ሁለት መጽሐፍና አንድ ጉባኤ ብትሉ ግን ተጠራጥሮ የቀረውንም በዚያ ዓይን ያየዋል።

የማያውቃችሁን ትልቅ ሰው ለድጋፍ ደብዳቤ መለመን

ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው ሰው የጻፈው አጠቃላይ ደብዳቤ፣ ክፍል ውስጥ ስታስተምሩ ቁጭ ብሎ ያያችሁ ባልደረባ ከጻፈው አይበልጥም። አንድ ወር ቀድማችሁ ፕሮፖዛሉን ስጡት።

ገንዘቡን፣ ቤተሰቡንና ኢንሹራንሱን ኋላ ማሰብ

ድጋፉ የሚሸፍነው አንድ ሰው ነው ወይስ ቤተሰብም? ግብር ይቆረጥበታል? መሥሪያ ቤታችሁ ደመወዝ ይቀጥላል? ፈቃዱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ያዙት፤ ዲን ይቀየራል።

በጄ-1 ቪዛ የሚገባ ሰው በሕግ የተወሰነ ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል፦ ለአንድ አደጋ ወይም ሕመም ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ታሞ ወደ አገሩ ለመመለስ 50,000 ዶላር። አብረው የሚሄዱ የትዳር አጋርና ልጆችም ግዴታው አለባቸው። እንደ ፉልብራይት ባለ የመንግሥት ገንዘብ የሄደ ሰው ደግሞ ከፕሮግራሙ በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ መመለስ አለበት። ይህን ሳይፈጽም ወይም ከግዴታው ነጻ ሳይደረግ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት ሊያገኝ አይችልም። ቤተሰባችሁ ይህን ከፊርማው በፊት ይወቅ። በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከባድ ነው።

ለማመልከት የሚያስከፍል ካጋጠማችሁ ደግሞ ጥላችሁ ውጡ። ፉልብራይትም ሁምቦልትም ለማመልከት አንድ ሳንቲም አይጠይቁም።

ሲወድቁ መጥፋት

ደብዳቤው «አዝናለሁ» ብሎ ሲመጣ ሰው ያፍራል። ኢሜይሉን ይዘጋል፣ አስተናጋጁንም ሳይነግር ዝም ይላል። ያ ሰው እኮ ጊዜውን ሰውቶ ደብዳቤ ጽፏል፤ ቢሮም ለምኖላችሁ ይሆናል። የገምጋሚዎቹን አስተያየት የሚልክ ፕሮግራም ከሆነ ሁለት ቀን አሳልፋችሁ በረጋ መንፈስ አንብቡት። አንዳንዱ ፕሮግራም ከተወሰነ ነጥብ በታች ያመጣን ሰው ከዚያው ተቋም ጋር በማግስቱ ዓመት እንዳያመለክት ስለሚከለክል ይህንንም እዩ። ከዚያ ለአስተናጋጁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«በዚህ ዙር አልተሳካም። የገምጋሚዎቹን አስተያየት አያይዣለሁ። ሦስተኛው ነጥብ ልክ ይመስለኛል፤ ናሙናው በዝቷል። ወደ አንድ ሐይቅ ዝቅ አድርገን በሚቀጥለው ዓመት ብንሞክረው ምን ይመስልዎታል? እስከዚያ ያሉኝን መረጃዎች ልላክልዎትና መጀመር እንችላለን።»