መሃሉ የማይሰምጥ ኬክ ደሴ ላይ እንዴት ይጋገራል?

ኬኩ ኦቨን ውስጥ ጉብ ብሎ ይታያል። ቤቱ በቫኒላ ሽታ ይሞላል። ሲወጣ ግን መሃሉ ስምጥ ይላል። ደሴ ውስጥ ከቪዲዮ አይቶ ኬክ የሚጋግር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ብዙዎች እጃቸውን ይወቅሳሉ፣ አንዳንዶች ዱቄት ይቀይራሉ። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከልኩ ነው። ስልክ ላይ የምናያቸው ልኮች አብዛኞቹ የተሠሩት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ አንዴ ከገባችሁ ማንኛውንም ልክ ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ቶሎ፣ ከልክ በላይም ይነፋል። እንቁላሉና ዱቄቱ ገና ሳይጠነክሩ ኬኩ ጫፍ ይደርሳል። ደግፎ የሚይዘው ስለሌለም ይወርዳል። ሌላው ውሃው ነው። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከሊጡም ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲሄድ ሊጡ ውስጥ የስኳሩ ድርሻ ይበዛል። ስኳር የበዛበት ኬክ ደግሞ ቶሎ አይጠነክርም።

እንግዲህ ማድረግ ያለባችሁ ይህ ነው፦ ቤኪንግ ፓውደር ቀንሱ፣ ስኳር ትንሽ ቀንሱ፣ ፈሳሽ ጨምሩ፣ ዱቄትም አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ሙቀቱን 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ። ከሁሉም በላይ ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ጨክኑ። ልኩ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ካለ፣ ደሴ ላይ አንድ ተኩል ይበቃል። ማንኪያውም የተቆለለ መሆን የለበትም፤ አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክሉት። የተቆለለ ማንኪያ ሁለት ማንኪያ ሊሆን ይችላል፤ የቀነሳችሁትን ሁሉ መልሶ ይጨምርባችኋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ለምትጋግሩ ቅነሳው ለዘብ ይላል። ከሁለት ተኩሉ ወደ ሁለት ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ለሁለት 20 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያዎች ደሴ ላይ የሚበቃው ልክ ይህ ነው፦ 270 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 190 ግራም ስኳር፣ 4 የፈረንጅ እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨውና ቫኒላ። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 5 ወይም 6 አድርጉት። ከቅቤ ይልቅ ዘይት የመረጥኩት በደሴ ብርድ በቅቤ የተሠራ ኬክ በማግስቱ ስለሚደርቅ ነው። የዘይቱ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ብር ካላችሁ ከሚክሰር በፊት ሚዛን ግዙ። የአንዱ ቤት ብርጭቆ ከሌላው ቤት አይገጥምም። ሚክሰር ለሌለው እጅና የእንቁላል መምቻ ይበቃል። ያለ ሚዛን የሚሠራ ሰው ግን ዛሬ ያማረለትን ኬክ ነገ መድገም ይከብደዋል።

መጀመሪያ ኦቨኑን 190 ዲግሪ ላይ ለኩሱት። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ በተለይ በህዳርና በታህሳስ። የእኛ አገር ስኳር ፍሬው ትልልቅ ስለሆነ ቶሎ አይሟሟም፤ ቀድማችሁ ፍጩት። በቡና መፍጫ ከሆነ ግን ሽታው ወደ ስኳሩ ያልፋል፣ የጁስ መፍጫ ይሻላል። ከዚያ እንቁላልና ስኳሩን ምቱ። ነጣ ብሎ ወፈር ሲል አቁሙ። ቪዲዮው «እስኪቆም ድረስ ምቱ» ቢልም እዚህ አይሠራም፤ ብዙ አየር ያስገባ ሊጥ እንደ ቤኪንግ ፓውደሩ ሁሉ ኬኩን ይጥለዋል። ዘይት፣ ወተትና ቫኒላ ጨምሩ። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር ነፍታችሁ በሦስት ጊዜ አግቡ። ነጭ ዱቄት ሳይታይ ሲቀር ማማሰል ይብቃችሁ።

መጋገሪያውን ዘይት ቀቡ፣ ወረቀት አንጥፉ፣ ሊጡን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉ። ወዲያው ኦቨን ይግባ። ቤኪንግ ፓውደር የነካው ሊጥ ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ኦቨኑ ሳይግል ዱቄቱን አትንኩ። 20 ደቂቃ እስኪሞላ በሩን አትክፈቱ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ውጉ። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

የመብራቱን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይደክማል፣ ኦቨኑም 190 አልኩ እያለ 190 አይደርስም። ስለዚህ በጠዋት ጋግሩ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን ዝጉት፣ ኬኩን አታውጡት። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከሆኑ በኦቨኑ ግለት ሊጨርስ ይችላል። ኦቨን የሌለው በወፍራም ድስት ይጋግር። ድስቱ ውስጥ ጨው ወይም አሸዋ አንጥፉ፣ የብረት ቀለበት አስቀምጡ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ አግሉት። እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም ያስፈልገዋል፤ የላዩ ከሌለ ኬኩ ገርጥቶ ይቀራል።

ሲበስል 10 ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ገልብጡት። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ያደረ ኬክ ሲቆረጥ አይፈረፈርም። በማግስቱ ጉብ ያለውን አናት በመጋዝ ቢላ አስተካክሉ። እኩል ስኳርና ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ኬኩን በማንኪያ አርሱት።

ለክሬሙ 250 ግራም ለስላሳ የገበታ ቅቤ እስኪነጣ ምቱ፣ 400 ግራም የተፈጨ ስኳር በየተራ ጨምሩ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይበቃል። መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ፍሪጅ ወይም ብርድ ቦታ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ይህ ፍርፋሪውን ይይዛል። ዋናው ክሬም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀለም ስትጨምሩ በስቴኪኒ ጫፍ ይሁን። ክሬሙ ሲያድር ቀለሙ ይደምቃል፣ ቀይ ሲበዛ ደግሞ ይመራል።

ጽሑፉ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «መልካም ልደት» ሰባት ፊደል ነው፣ «ዒድ ሙባረክ» ስድስት። መጀመሪያ መካከለኛውን ፊደል በስቴኪኒ ጫር አድርጉና ከዚያ ግራና ቀኝ ሂዱ፤ ያለዚያ የመጨረሻው ፊደል ጫፍ ላይ ይጣበባል። የከረጢቱ ቀዳዳ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። እንደ ሐ እና ጠ ያሉ ባለ ሦስት እግር ፊደላት ክሬሙ ሲወፍር እግራቸው ተጣብቆ አይነበብም። የቀለጠ ቸኮላት ለጽሑፍ ከክሬም ይሻላል።

ለሥራ ባልደረቦች ስትጋግሩ ቀኑን እዩ። ደሴ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ጠረጴዛ ከቦ ቡና ይጠጣል፤ ኬኩ ሁሉንም እንዲያዳርስ አስቡበት። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ይሁን፦ 250 ግራም ዱቄት፣ 170 ግራም ስኳር፣ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ ቤኪንግ ሶዳ። ላዩን ማርማላታ ቀቡ። የክሬም ዱቄት ልትጠቀሙ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ከአትክልት ስብ የተሠራ የሚባለውም የወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ይችላል። ለሙስሊሞቹ ደግሞ አልኮል ያለበትን ፈሳሽ ቫኒላ ትታችሁ የዱቄቱን ውሰዱ። ምንጩ ያልተጻፈበትን ጄላቲን አትግዙ። በረመዷን ከሆነ የጾመኞቹን ድርሻ ቆርጣችሁ ጠቅልሉላቸው፣ ለአፍጥር ቤታቸው ይወስዱታል።

ኬኩ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከሆነ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አስቡ። ካርቶኑን ጭን ላይም ወንበር ላይም አታድርጉ፤ የመኪናው ወለል ላይ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ባለ ሁለት ፎቅ ከሆነ ፎቆቹን ለየብቻ ውሰዱና እዚያው ደርቡ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የቅቤ ክሬም ቶሎ ስለሚላላ ከቅቤው ሲሶውን በማርጋሪን ተኩት፣ በጠዋትም ውጡ። ስትደርሱ ከፀሐይና ከመስኮት አርቁት። ለመቁረጥ ረጅም ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ መካከል ይህንኑ ድገሙት። ከአንድ 20 ሴንቲ ሜትር ድርብ ኬክ 14 ያህል ደህና ቁራጭ ይወጣል።