የጡት ጫፍ ሕመም፦ ሕፃኑ ሲለቅ ጫፉን እዪው

«መጀመሪያ ላይ ያማል፣ ቻይው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑ ጎርሶ መሳብ ሲጀምር ለጥቂት ሰከንዶች ቢያምሽ የተለመደ ነው፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ጠብቶ እስኪጨርስ የሚዘልቅ ወይም ጫፉን የሚሰነጥቅ ሕመም ግን ምክንያት አለው። ምክንያቱን ለማወቅ ሕፃኑ ጡቱን እንደለቀቀ ጫፉን ተመልከቺ።

ጫፉ ተጨፍልቆ ወይም በአንድ ጎን ሾሎ ከወጣ
ሕፃኑ የጎረሰው ጫፉን ብቻ ነው። አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ቅባት ከመግዛትሽ በፊት አጎራረሱን አስተካክዪ። ሆዱን ከሆድሽ አስጠጊ፣ አንገቱ አይጠምዘዝ። አፍንጫው ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን። የላይኛ ከንፈሩን በጫፉ ነካ ነካ አድርጊና እንደሚያዛጋ ሰው አፉን ሲከፍት ፈጥነሽ ወደ ጡቱ አምጪው፤ ጡቱን ወደ እሱ አትግፊ። አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይንካ። ሕመሙ ካልቆመ ጎትተሽ አታላቅቂው፤ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂውና እንደገና ሞክሪ። አምስት ጊዜ መሞከር ቢያስፈልግም ችግር የለውም።

ጡቱ ሞልቶ ከደነደነ ሕፃኑ መጉረስ ስለሚያቅተው አስቀድመሽ በእጅሽ ጥቂት አልቢ። አጎራረሱ ተስተካክሎም ጫፉ የሚጨፈለቅ ከሆነ ምላሱ ከስር ታስሮ እንደሆነ ባለሙያ ይይለት።

ከተሰነጠቀ
የራስሽን ወተት ቀብተሽ አድርቂው፣ ወይም የተጣራ ላኖሊን (ከበግ ሱፍ የሚገኝ ቅባት) ተጠቀሚ። ሳሙና አታስነኪው። ብዙም ከማያምሽ ጡት ጀምሪ። ሕፃኑ ጥቂት ደም ቢውጥ አይጎዳውም፤ ኤች አይ ቪ ወይም ሄፓታይተስ ሲ (የጉበት ቫይረስ) ያለባት እናት ግን በደማው ጡት ከማጥባቷ በፊት ሐኪም ታማክር።

ከጠባ በኋላ ጫፉ ነጥቶ የሚያቃጥል ከሆነ
ደም ስሮቹ ተኮማትረው ይሆናል፤ ብርድ ያባብሰዋል። ሕፃኑ እንደለቀቀ ወዲያው በሞቀ ደረቅ ጨርቅ ሸፍኚው። እዚህም አጎራረሱን መልሰሽ እዪ፣ የተጨፈለቀ ጫፍም ይነጣልና። ካልተሻለሽ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ።

ለሳምንታት ደህና ቆይቶ በድንገት ማቃጠል ከጀመረ
ጫፉ ካብለጨለጨና በሕፃኑ አፍ ውስጥ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እናትና ልጅ አብረው ካልታከሙ አንዱ ለሌላው ይመልስለታል። ሕፃኑ ላይ ምልክት ከሌለ ግን ፈንገስ ነው ለማለት አትቸኩዪ።

በማለቢያ መሳሪያ ብቻ የሚያም ከሆነ
የመሳቢያውን ኃይል ቀንሺ፣ የጫፉ ማስገቢያም በልክሽ መሆኑን አረጋግጪ።

ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ በመርፌ አትውጊው።

ጡቱ በአንድ በኩል ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለሽ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ማጥባቱን ግን አታቋርጪ። አንዱ ጫፍ ብቻ ለሳምንታት እየተላጠ አልድን ካለም፣ ባያምሽ እንኳ፣ መመርመር አለበት።