ጅቡ ሳይሄድ መጮህ፦ የቤዝቦል አሰልጣኝን ውሳኔ እንዴት መተቸት ይቻላል

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ የቤዝቦል ደጋፊዎች ትችት ባብዛኛው እንደዚያ ነው። አሰልጣኙ ፒቸር ይቀይራል። አዲሱ ፒቸር ሆም ረን (አጥር የሚሻገር ምት) ይመቱበታል። ከዚያ ሁላችንም «ምነው ያንን አርፎ ቢተወው!» እንላለን። ቅያሪው ከሠራ ግን ማንም ትዝ አይለውም።

እኔም ለዓመታት እንደዚሁ ነበርኩ። ያደግኩት ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው ብዬ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ መጥቼ ታክሲ ስይዝ ግን ራዲዮኑ የከተማዋን የቤዝቦል ቡድን፣ ናሽናልስን አስለመደኝ። ለሾፌር እንደ ቤዝቦል የሚመች ስፖርት የለም። ቀስ ይላል። መሃል ላይ ሒሳብ ተቀብላችሁ፣ መልስ ሰጥታችሁ ስትመለሱም ብዙ አያመልጣችሁም። ችግሩ በአሰልጣኙ ተናድጄ መሪውን ስደበድብ ተሳፋሪ መደንገጡ ነበር። ቀስ በቀስ ለንዴቴ ሥርዓት አበጀሁለት። ሥርዓቱ ይኸውና።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ጨዋታው 9 ኢኒንግ ነው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በየተራ 3 ሰው እስኪወጣባቸው ድረስ ይመታሉ። ኳሱን የሚወረውረው ፒቸር ይባላል። ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር (ከዚህ በኋላ ጀማሪ የምለው እሱን ነው) አብዛኛውን ጊዜ በ5 ቀን አንዴ ነው የሚወረውረው። ሲደክም ቡልፔን ከሚባለው የማሟሟቂያ ቦታ ሌላ ይጠራል። የተቀየረ ተጫዋች አይመለስም። የዋናው አሰልጣኝ ትልቁ የሌሊት ሥራም ይኸው ነው፤ መቼ አውጥቶ ማንን ማስገባት።

አንደኛ፦ ፍርዳችሁን ኳሱ ሳይወረወር ጻፉ

ትንሽ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል፤ እኔ ግን ደብተር እወዳለሁ፤ አይሰረዝም። አሰልጣኙ ከመቀመጫው ሲነሳ ሦስት ነገር ጻፉ። ይውጣ ወይስ ይቆይ? ከወጣ ማን ይግባ? ለምን? «ለምን» የሚለው ከአንድ መስመር አይብለጥ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ የተጻፈ ነገር አይቆጠርም። ለራስ መዋሸት ቀላል ስለሆነ ነው ይህን ያህል የማከርረው።

ሁለተኛ፦ ማን እንዳለ ሳታውቁ «እገሌን አስገባ» አትበሉ

ብዙ ትችት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በሜጀር ሊግ አንድ ቡድን ለጨዋታ ይዞ የሚቀርበው 26 ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ፒቸር መሆን የሚችሉት ቢበዛ 13 ናቸው። ሴፕቴምበር ሲገባ 28 እና 14 ይሆናል። ከ13ቱ አምስቱ ተራቸውን የሚጠብቁ ጀማሪዎች ናቸው እንበል። ስምንት ቀሩ። ሁለቱ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ወርውረዋል። አንዱ ደግሞ ጀማሪው ገና በሁለተኛው ኢኒንግ ቢፈርስ ረጅም ሰዓት እንዲሸከም የተቀመጠ ነው። ቀሩ አምስት። ከአምስቱም አንዱ ነገ ያስፈልጋል። እናንተ ቤት ሆናችሁ ስምንት ሰው ሲታያችሁ፣ አሰልጣኙ የሚያየው ሦስት አራት ክንድ ነው።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩ። የቡልፔኑን ሰዎች ስም ወደ ታች፣ ያለፉትን ሦስት ቀናት ወደ ጎን። ማን ስንት ኳስ እንደወረወረ ሙሉ። የየጨዋታው መረጃ በነፃ ይገኛል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን ስጀምር ከንዴቴ ግማሹ ጠፋ።

ሌላው የሚያናድደን «ያ ጎበዝ ልጅ ለምን ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ?» የሚለው ነው። ትናንት 3 ኢኒንግ አሳምሮ ወርውሮ ዛሬ ሻንጣውን ይይዛል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንዱን ተጫዋች ቡድኑ እንደፈለገ ሊያወርደው ይችላል። ሌላውን ግን ላውርድህ ቢለው ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወርደው የባሰው አይደለም፤ ሊወርድ የሚችለው ነው። ልጁ ትናንት ስለወረወረ ዛሬ አይጠቅምም፣ ቡድኑ ደግሞ ትኩስ ክንድ ይፈልጋል። በደል ይመስላል፤ በደልም ነው። ግን የሞኝ ውሳኔ ላይሆን ይችላል። የወረደ ፒቸር የተጎዳ ሰው ለመተካት ካልሆነ በቀር 15 ቀን ሳይሞላው እንደማይመለስ፣ አንድ ተጫዋችም በአንድ ወቅት ከ5 ጊዜ በላይ እንደማይወርድ አስታውሱ።

ዝርዝርን በማንበብ የ2019ን ናሽናልስ የሚያህል ትምህርት የለም። 19 አሸንፎ 31 የተሸነፈ ቡድን ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር ያላለ ደጋፊ አላውቅም፤ እኔም ብያለሁ። ቡልፔኑ ወንፊት ነበር። የዋንጫ ጨዋታዎች ወር ኦክቶበር ሲመጣ ማርቲኔዝ ምን አደረገ? ያንን ቡልፔን ተወው። ጀማሪዎቹን ስትራስበርግንና ኮርቢንን መሃል ላይ አስገባቸው፤ መጨረሻውን ለዳንኤል ሃድሰንና ለሾን ዱሊትል ሰጠ። እኛ «ቡልፔኑን አስተካክል» ስንል፣ እሱ በቡልፔኑ በኩል ሳያልፍ የሚደርስበትን መንገድ ፈለገ።

ሦስተኛ፦ የኳሱን ቁጥር ሳይሆን ፒቸሩን እዩ

ቴሌቪዥኑ 90 ወይም 100 ኳስ ሲል ሁሉም «በቃው» ይላል። ቁጥሩ ፍንጭ ነው። የተሻለው ፍንጭ የተቀባዩ ጓንት ነው። ጓንቱ ዝቅ ብሎ እየጠበቀ ኳሱ ከፍ ብሎ ከመጣ ክንዱ ደክሟል። ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ሦስት ማይል ከቀነሰም እንደዚያው። ተመትቶ ሰው እጅ ላይ ያረፈ ኳስም ቢሆን ድምፁ «ጧ» ካለ ጻፉት። በራዲዮ እንኳ ይሰማል።

ቡልፔኑንም እዩ። እዚያ ማንም እየተሟሟቀ ካልሆነ አሰልጣኙ አሁን ቢፈልግም መቀየር አይችልም። ትችታችሁ ከአስር ደቂቃ በፊት መሆን ነበረበት። የፒቺንግ አሰልጣኙ ቀስ እያለ፣ ሽርሽር የወጣ እየመሰለ ወደ ፒቸሩ ሲሄድ ካያችሁ ጊዜ እየገዛ ነው። በአንድ ኢኒንግ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከሄደ ግን ፒቸሩ መውጣት ግዴታው ነው።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ፒቸሩ «እችላለሁ» ማለቱን ማስረጃ አታድርጉት። በ2003 የአሜሪካን ሊግ የፍጻሜ 7ኛ ጨዋታ ቦስተን በስምንተኛው ኢኒንግ ያንኪስን 5 ለ 2 እየመራ ነበር። የቦስተን ፒቸር ፔድሮ ማርቲኔዝ ተመታ፣ ደግሞ ተመታ። አሰልጣኙ ግሬዲ ሊትል ሄዶ አነጋገረው፣ ትቶትም ተመለሰ። ከዚያ ሁለት ሰው መታውና 5 እኩል ሆኑ፤ ያንኪስ በ11ኛው ኢኒንግ አሸነፉ። የሊትል ውልም አልታደሰም። ኩሩ ፒቸርን ደክሞሃል ወይ ማለት እንግዳን ርቦሃል ወይ እንደማለት ነው። መልሱ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

አራተኛ፦ የሚመጡትን ሦስት መቺዎች ቁጠሩ

ከ2020 ጀምሮ የገባ ፒቸር ቢያንስ 3 መቺ መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ አለበት። ስለዚህ «ግራኝ መቺን ግራኝ ፒቸር ይከብደዋል፤ ግራኝ አስገባ!» ከማለታችሁ በፊት ከግራኙ መቺ በኋላ ማን እንደሚመጣ እዩ። ሁለት ኃይለኛ ቀኝ መቺዎች ከተከተሉ ለአንድ ሰው ብላችሁ ሁለት ዕዳ ትገዛላችሁ።

ግራኝ ለግራኝ ማለት ራሱ ሁሌ አይሠራም። በ2024 የዓለም ሲሪየስ (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) የመጀመሪያ ጨዋታ የያንኪሱ አሮን ቡን በ10ኛው ኢኒንግ ግራኙን ኔስቶር ኮርቴስን አስገባ። ኮርቴስ ከሴፕቴምበር 18 ወዲህ አልወረወረም ነበር፤ ቀኑ ደግሞ ኦክቶበር 25። የዶጀርሱን ኦታኒን አስወጣ። ሙኪ ቤትስን ሆን ብለው በነፃ አሳለፉት። ግራኙ ፍሬዲ ፍሪማን የመጀመሪያዋን ኳስ ለ4 ነጥብ አሻገራት፤ ጨዋታው አለቀ። በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከአንድ ወር በላይ የተቀመጠ ክንድ በወረቀት ላይ አይታይም።

አምስተኛ፦ «ይውጣ»ንና «ይግባ»ን ለዩ

ቅያሪ አንድ ውሳኔ ይመስላል፤ ሁለት ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

በ2020 የዓለም ሲሪየስ 6ኛ ጨዋታ የታምፓ ቤይ ሬይስ ፒቸር ብሌክ ስኔል ዶጀርስን ሲጫወትባቸው አመሸ። 73 ኳስ፣ 2 ምት፣ 9 ስትራይክአውት (መቺው ኳሱን ሳይመታ ሲወጣ)። 1 ለ 0 እየመሩ ነው። በስድስተኛው ኢኒንግ አንድ ሰው ሲመታው አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ አወጣው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። መቺዎች አንድን ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ይለምዱታል። ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ ግን እስከዚያ ድረስ ስድስት ጊዜ ቀርበው ስድስቱንም በስትራይክአውት የተመለሱ ነበሩ። ኒክ አንደርሰን ገባ፣ ቤትስ መታው፣ መሪነቱ እዚያው ኢኒንግ ውስጥ አለፈ። ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ።

መውጣቱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ሐሳቡ ውሸት አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ የገባው ሰው ነው። አንደርሰን ከዚያ በፊት በተከታታይ በወጣባቸው 6 ጨዋታዎች ነጥብ ተቆጥሮበታል። የሁለተኛውን ደረጃ ሰንጠረዥ የሠራ ደጋፊ ይህን ሳይሮጥ ያየው ነበር። ካሽ ስኔልን በአማካይ ቁጥር መዘነው፤ አንደርሰንን ደግሞ በስሙ።

አሁን ወደ እኛ 2019። በዋንጫ ጨዋታዎቹ ዶጀርስ 3 ለ 1 እየመሩን አሰልጣኛቸው ዴቭ ሮበርትስ በሰባተኛው ኢኒንግ ክሌይተን ከርሾን አስገባ። ከርሾ የሚፈለገውን አንድ ሰው በስትራይክአውት ሸኘ። ሥራው አለቀ። ሮበርትስ ግን በስምንተኛውም መለሰው። የእኛው ሬንዶን ሆም ረን፣ ቀጥሎ ሶቶ ሆም ረን፤ በተከታታይ ሁለት ኳስ። እዚህ ላይ ስህተቱ «ይውጣ» የሚለው ነው። ቀኙ ሬንዶን ሲመጣ ግራኙ ከርሾ እዚያ ምን ይሠራል? ከሱ በኋላ የገባው ማዬዳ ሦስቱንም በስትራይክአውት አስወጣ። ኬንድሪክ በ10ኛው ኢኒንግ ጨዋታውን ጨረሰልን።

ኦክቶበር 30 ደግሞ ሂዩስተን ላይ ተቃራኒው ሆነ። የዓለም ሲሪየስ 7ኛው ጨዋታ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ። የአስትሮስ ፒቸር ግሬንኪ 80 ኳስ ብቻ ወርውሯል፣ አስትሮስ 2 ለ 1 ይመራሉ። ሬንዶን ገና አሁን ሆም ረን መትቶታል፣ ሶቶ በነፃ አልፏል። አሰልጣኙ ኤ.ጄ. ሂንች አወጣውና ዊል ሃሪስን አስገባ። ኬንድሪክ ከውጭ ጠርዝ ዝቅ ብላ የመጣችውን ኳስ ቀኝ ምሰሶው ላይ ለጠፋት። አሸነፍን፤ 6 ለ 2። ሕዝቡ ሁሉ ኮከብ ፒቸራቸው ገሪት ኮል ቁጭ ብሎ ሳለ ይላል። እኔ ሂንችን አልፈርድበትም። ሃሪስ በዚያ ዓመት ከአስትሮስ ምርጦች አንዱ ነበር፤ ኳሷም መጥፎ ኳስ አልነበረችም። አንድ ቅሬታ አለኝ። ሃሪስ ከአንድ ቀን በፊትም ወርውሯል፤ ያን ምሽትም ሬንዶን ሆም ረን መትቶታል። ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ የወቅት ውሳኔን በሌሊት ንዴት አትመዝኑ

በ2012 ናሽናልስ ከሊጉ ሁሉ በልጦ 98 ጨዋታ አሸነፈ። የቡድኑ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ ግን ከክርን ቀዶ ሕክምና የተመለሰውን ስትራስበርግን በ159 ኢኒንግ አካባቢ አስቆመው። ያለ እሱ ወደ ዋንጫ ጨዋታዎቹ ገብተን በ5ኛው ጨዋታ 6 ለ 0 ከመምራት 9 ለ 7 ተሸነፍን። አሁንም ድረስ ቅር ይለኛል። ግን ቅሬታዬ ተቀይሯል። ገደብ መኖሩ ላይ አልጣላም። ኢኒንጎቹን ኤፕሪል ላይ ለምን አባከናችኋቸው ነው የምለው። ዘግይቶ ቢጀምር ኖሮ ኦክቶበር ላይ ይቀርለት ነበር። በ2019 የሲሪየሱ ኮከብ ሆነ፤ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የጀመረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ገደቡ ጠቀመው ወይስ አልጠቀመውም የሚል ካለ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት ይቻላል።

ሰባተኛ፦ የተቃራኒውን ደጋፊ ፊት እዩ

ይህ ሳይንስ አይደለም፤ የታክሲ ብልሃት ነው። አሰልጣኛችሁ ፒቸር ሲያወጣ ተቃራኒው እፎይ ካለ ተጠራጠሩ። ስኔል ሲወጣ ደስ እንዳለው ቤትስ ራሱ ተናግሯል።

በዚያች በኦክቶበር ሌሊት እኔ መኪናዬን ዳር አቁሜ ነበር የምሰማው። ግሬንኪ ሲወጣ «ተመስገን» አልኩ፤ ደብተሬ ላይም ጻፍኩት። እንግዲህ በራሴ መለኪያ ሂንች ተሳስቷል ማለት ነው። ቅድም አልፈርድበትም ያልኩትንም አልሰርዘውም። ሁለቱም እዚያው ገጽ ላይ አሉ፤ አንዱ ከሌላው ሥር።