ኤንኤፍኤል (ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) መጫወት ለሚያምርህ ልጅ

በመጀመሪያ ኮሌጅ ግባ። ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣህ 3 ዓመት ሳይሞላህ ኤንኤፍኤል አይቀበልህም። ክለቦች አዳዲስ ልጆች የሚመርጡበት ድራፍት 7 ዙር አለው፤ ስምህ ካልተጠራ ግን አለቀልህ ማለት አይደለም። ተጫዋቹን ከርት ዋርነርን እይ፦ በ1994 እ.ኤ.አ. ማንም አልመረጠውም፣ አዮዋ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ሲሞላ ከረመ፣ በኋላ ከሴንት ሉዊስ ራምስ ክለብ ጋር የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዋንጫ በላ፣ ያውም የጨዋታው ኮከብ ተብሎ!

ውል ስትፈርም በትልቁ ቁጥር አትደንዝዝ። ዋስትና ያለው ስንት ነው በል፣ ክለቡ ካሰናበተህ ቀሪውን ላታየው ትችላለህ። ወኪልህ ከውልህ ገንዘብ ከ3 በመቶ በላይ ከጠየቀህ ደግሞ ሸሽተህ አምልጥ።

ጭንቅላትህን ከተመታህ ጀግና አትሁንብኝ፤ ወዲያው ለሐኪሙ ተናገር።