ወደ ከፍተኛ ተራሮች ስትዘጋጁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሰዎችን እየመራሁ ወደ ረጃጅም ተራሮች መውጣት ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገደል ጉዞውን ያበላሸበት ሰው አላጋጠመኝም። ቀን መቁጠሪያ ያበላሸባቸውን ግን መቁጠር ትቻለሁ።

ቀን መቀነስ

ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጉዞው አሥራ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ሰውየው ከሥራው ያገኘው ፈቃድ ዘጠኝ ቀን ነው። ወረቀትና እርሳስ ያነሳና ሦስት ቀን ይቀንሳል። የትኞቹን እንደሚቀንስ ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ የዕረፍት ቀኖቹን ነው። «እነዚህ እኮ ምንም የማንሠራባቸው ቀኖች ናቸው» ይለኛል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

በጉዞው ውስጥ ሥራ የሚበዛው በእነዚያ ቀኖች ነው፤ ሠራተኛው እግራችሁ ስላልሆነ አይታያችሁም። አየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ ጫፍ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። 5500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ይሆናል፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክሲጅንም አብሮት ያንሳል። ሰውነት ይህን ሲረዳ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አብዝቶ ያስወጣና የደሙን ሚዛን ያዛባል። ያንን ሚዛን የሚመልሱት ኩላሊቶች ናቸው፤ ኩላሊት ደግሞ ፈቃዳችሁ ዘጠኝ ቀን መሆኑን አያውቅም። በራሱ ፍጥነት፣ በቀናት ነው የሚሠራው። ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ማምረቱማ ሳምንታት ይወስዳል።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው መኝታችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ደግሞ በዚያው ከፍታ አንድ ሌሊት ድገሙ። የሚቆጠረው የምትተኙበት ቦታ ነው። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ዞሮ፣ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ኔፓል ውስጥ ከሉክላ ወደ ኤቨረስት መነሻ ካምፕ የሚወስደው መንገድ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሜዳ ቢሆን ጠንካራ እግረኛ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ለመውጣት ብቻ በተለምዶ ስምንት ቀን ይመደብለታል፤ 3440 ሜትር ላይ ባለችው ናምቼ ሁለት ሌሊት፣ 4410 ሜትር ላይ ባለችው ዲንግቦቼ ሌላ ሁለት ሌሊት ይታደራል። ይህን መርሐ ግብር ያወጣው ሰነፍ ሰው አይደለም። 5895 ሜትር የሆነውን ኪሊማንጃሮን በአምስት ቀን ወጥቶ ለመመለስ የሚዋዋሉም አሉ፤ ዋጋው ረከስ ስለሚል። ጫፉን ሳያዩ ከሚመለሱት መካከል እነዚህ ሲበዙ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል።

ከሁሉ የባሰው አታላይ አውሮፕላን ነው። የቲቤቷ ላሳ 3650 ሜትር፣ የሕንዷ ሌህ 3500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቦሊቪያ ውስጥ ያለችው የላ ፓዝ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ በኤል አልቶ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ቆላ ላይ ቁርሱን የበላ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ከአውሮፕላኑ ስትወርዱ ደህና ትሆናላችሁ፤ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ትጎትታላችሁ፤ «ይሄው፣ ምንም አልሆንኩም» ትላላችሁ። የከፍታ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ቁጭ በሉ። ከተማ መዞርም፣ ደረጃ መውጣትም፣ «ትንሽ ብቻ» መጠጣትም ይቅርባችሁ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ ሌህ በረርን። በማግስቱ መኪና ተከራይተን ወደ ካርዱንግ ላ መተላለፊያ ወጣን። በመኪና ስለሆነ አንደክምም ብለን ነው፤ የሚያሳምመው ድካም መስሎን። መተላለፊያው 5359 ሜትር ነው፤ እዚያ የተተከለው ሰሌዳ ደግሞ አስበልጦ 5602 ይል ነበር። ሁለቱም ለእኛ ጭንቅላት የሚበዙ ነበሩ። ጓደኛዬ የጫማው ክር ተፈትቶበት ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ። ክሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አይቶት እንደማያውቅ ነገር ይመለከተው ነበር። እኔ ሳቅኩ። የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ከወረድን በኋላ ነው፤ የእኔም ጭንቅላት ከእሱ የተሻለ አልነበረም ማለት ነው። ያልሳቀው ሾፌሩ ብቻ ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር ሁለታችንንም ወደ መኪናው አስገብቶ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ።

በጉልበት መመካት

የአካል ብቃት ዳገቱን ያቀልላችኋል እንጂ ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ብርቱዎቹ የሚታመሙት ፈጥነው መውጣት ስለሚችሉ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ ማራቶን የሚሮጥ ወጣትና ጡረታ የወጡ መምህርት አብረውኝ ነበሩ። ልጁ በየማረፊያው ከሁላችንም በፊት ደርሶ ሰዓቱን እያየ ይጠብቀን ነበር። እሳቸው በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ስለ አበባ ይጠይቁኛል። በአራተኛው ቀን ልጁ በተሸካሚ ተደግፎ ሲወርድ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ እሳቸው አሁንም ስለ አበባ እየጠየቁ ነበር። እየወጣችሁ መነጋገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ራስ ምታትን መደበቅ

ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ናቸው። ቡድኑን ላለማስቀረት፣ የከፈሉትን ገንዘብ ላለማባከን ዝም ይላሉ። አንድ ሰውዬ ሁለት ሌሊት ሙሉ እየሳቀ፣ እየቀለደ አታለለኝ። እራቱን ግን በሹካ ከሳህኑ ወዲህና ወዲያ ከመግፋት በቀር አልቀመሰም ነበር፤ ይህን ያስታወስኩት ማስመለስ ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ የሰውን ፊት ትቼ ሳህኑን አያለሁ።

ከፍታ ላይ የመጣ ራስ ምታት፣ ሌላ ምክንያት እንዳለው እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ነው። በተለይ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ ድካም ከተከተለው። ስሜቱ እያለ ወደ ላይ አትቀጥሉም፤ ባላችሁበት ትቆያላችሁ። ከባሰ ትወርዳላችሁ።

ሁለት ነገሮች ግን ጊዜ አይሰጡም። አንደኛው አንጎል ሲያብጥ ነው፤ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ጠይቁት፤ ካቃተው ሌላ ምርመራ አትጠብቁ። ሁለተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ ተቀምጦ እያለ ያለከልካል፣ ያስላል፣ ቆይቶም አረፋ የቀላቀለ ሮዝ አክታ ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ። ኦክሲጅን ካለ ይሰጠው፤ መድኃኒት ካለ ይሰጠው፤ ነገር ግን አንዱም የመውረድን ቦታ አይተካም። ሌሊትም ቢሆን፣ በሰው ጀርባም ቢሆን ይወረዳል፤ ብቻውን ግን አይላክም። በተራራ ላይ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የምፈራው «እስቲ እስኪነጋ እንይ» የሚለውን ነው።

መድኃኒት ይዞ አለማወቅ

አሴታዞላማይድ ሰውነት ከፍታውን መልመዱን ያፋጥናል፤ በዳያሞክስ ስም የምታውቁት ማለት ነው። ለመከላከያ ለአዋቂ በተለምዶ የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ የሚጀመረውም ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። የጣት መንዘር ያመጣል፣ ሽንት ያበዛል፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም ያበላሻል፤ ይህን ሳያውቁ ደንግጠው ሌሊት የቀሰቀሱኝ አሉ። ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩት፤ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ በተለይ ተናገሩ። ደክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ የሕመሙን ምልክት ሊያጠፋ ይችላል፤ ሰውነት ግን ከፍታውን አልለመደም። እሱን ውጦ ወደ ላይ መቀጠል የአደጋ ደወል ሽቦን ቆርጦ እንደ መተኛት ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲል የእንቅልፍ ክኒን አትውሰዱ፤ ብዙዎቹ አተነፋፈስን ያዳክማሉ። አጠገባችሁ የተኛው ሰው ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ እንደገና በኃይል ሲመለስ ብትሰሙም አትሸበሩ፤ በከፍታ ላይ የተለመደ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ሌሊት ጎረቤቴን እስኪነጋ ስቆጥርለት አደርኩ።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ጣት ላይ ይዋሻል። እራት ላይ ቁጥር እያወዳደሩ መፎካከር የተጀመረ ቀን መለኪያዎቹን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ቆልፌያለሁ።

አዲስ ጫማ

አታድርጉት። የእግር ጥፍራችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ፤ ቁልቁለቱ ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ልብስና ፀሐይ

በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ከታች ያለውን የአየር ትንበያ አይታችሁ ልብስ አትምረጡ። ከቆዳችሁ ጋር የሚገናኘው ልብስ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ከጠጣ አይደርቅም፣ ስትቆሙ ያቀዘቅዛችኋል።

ብርዱን ሁሉም ሰው ይፈራል፤ ፀሐይን የሚፈራ የለም። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ የወረደበትን ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ፊታችሁ ይረጨዋል። አገጭ ሥርና አፍንጫ ቀዳዳ አካባቢ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው፤ ክሬሙን እዚያም ተቀቡ። የፀሐይ መነጽራችሁ በጎንም የሚከልል ይሁን፣ መለዋወጫም ያዙ። «ዛሬ ደመና ነው» ብሎ መነጽሩን ያወለቀ ሰው ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መሰለው። በማግስቱ ዓይኑ ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ እጁን እየያዝን መራነው።

ዕቃዎች የሚያሳዩት ጠባይ

በፋብሪካ የታሸገ ነገር ሁሉ ይነፋል። ክሬሙን በቀስታ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ሸሚዛችሁን ትቀባላችሁ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ ስልኩንና የግንባር መብራቱን ባትሪ ማታ መኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አስገቡ። ብዙዎች የማያውቁት ግን የውኃ ማጣሪያውን ነው። በቀጫጭን ቱቦዎች የሚያጣራው ዓይነት አንዴ እርጥብ ሆኖ ከቀዘቀዘ በውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ምንም አይታይበትም፣ ውኃም ያሳልፋል፣ አያጣራም እንጂ። እሱም አብሯችሁ ይተኛ። ውኃ ካፈላችሁ ከ2000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ውኃው ራሱ 3500 ሜትር ላይ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላ አበስላለሁ ብላችሁ ጋዝ አትጨርሱ።

ወረቀት

የጉዞ መድን ገዝቻለሁ የሚል ሰው ሲመጣ «ስንት ሜትር ድረስ?» እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው ይህን ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። ብዙ ውሎች የከፍታ ገደብ አላቸው፤ ከዚያ በላይ ብትታመሙ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። በሄሊኮፕተር መወሰድን ይሸፍን እንደሆነም በደንብ አንብቡ። ሄሊኮፕተር ቢከፈልለትም ደመና ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ እሱን ዋና ዕቅድ አታድርጉት።

ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ለምሳሌ ወደ ቲቤት የሚገባ የውጭ አገር ዜጋ ከቪዛ ሌላ የቲቤት መግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እሱንም የሚያወጣው በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው፤ በር ላይ ደርሶ መለመን አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ለመመለሻም ትርፍ ቀኖች ተዉ፤ ወደ ሉክላ የሚደረጉ በረራዎች በጭጋግ ምክንያት ለቀናት ሊቋረጡ ይችላሉ፤ ከዚያ የመጨረሻ ቀን ላይ ዓለም አቀፍ በረራ የያዘ ሰው ሜዳው ዳር ተቀምጦ ሰማዩን ሲሳደብ አይቻለሁ።

ይሄው፣ እንደገና ወደ ቀን መቁጠሪያው ተመለስን። ዘጠኝ ቀን ብቻ ላላቸው ሰዎች ዝቅ ያለ ተራራ እመርጥላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይቀየሙኛል። ባለፈው አንዱ ተቀይሞ፣ በዘጠኝ ቀን አደርሳለሁ የሚል ሌላ መሪ አግኝቶ ሄደ። በአምስተኛው ሌሊት ደወለልኝ፤ ከያዛቸው ክኒኖች ውስጥ የትኛውን ልዋጥ ነው ጥያቄው። በየቃሉ መካከል ያለከልክ ነበር። ከበታቹ ያለው የመጨረሻው መኝታ ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ጠየቅኩት። «ሁለት ሰዓት። ጠዋት እወርዳለሁ» አለኝ።

መሪውን ቀስቅሶ ስልኩን እንዲሰጠኝ ነገርኩት።